ሾተላይ ማነው? የእናት ብቻ የሆነ ስም

ጊዮርጊስ ሰፈር ላደግን ልጆች ፈረሰኛው ሰማዕት የሰፈር ሰው ያህል ነው። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር ዘንዶ። በድሮ የብራና ክታቦች ላይ ግን እሱን የሚመስል ሌላ ፈረሰኛ አለ፤ ቅዱስ ሱስንዮስ። እሱ የሚወጋው ዘንዶ ሳይሆን ዌርዜልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ ሴት ነው። ክታቡን ታስር የነበረችው ደግሞ ደጋግሞ የሚያስወርዳት ወይም ልጅ የማይቆይላት እናት ናት። ክርስትና ስሟም እዚያው ላይ ይጻፋል። የችግሩ ስም ሾተላይ ነው።

አያቶቻችን ላብራቶሪ ባይኖራቸውም ነገሩን አስተውለው ስም አውጥተውለታል። ጣጣው ስሙ ሴትየዋ ላይ መጣበቁ ነው። «ሾተላይ አለባት» ሲባል እንሰማለን። «አለበት» ሲባልስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1939 ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ውስጥ ልጇ ሞቶ የተወለደባትና የባሏ ደም ሲሰጣት የታመመች እናት ጉዳይ አሳተሙ። በ1940 ደግሞ ላንድስታይነርና ዊነር አርኤች የሚባለውን የደም ዓይነት ይፋ አደረጉ። እናት ኔጋቲቭ፣ ጽንሱ በአባቱ በኩል ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይወለዳል። የእናት ሰውነት ግን የልጁን ደም ካወቀው በኋላ ተከታዮቹን ያጠቃል። ነገሩ ቁርጥ ሾተላይ ነው! እኛም አገር ስሙ ለዚሁ ሕመም ዋለ። መከላከያው አንቲ-ዲ መርፌ ከ1968 ጀምሮ አለ፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

ታዲያ ዛሬ ጽንስ በተደጋጋሚ በጨነገፈ ቁጥር «ሾተላይ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። አርኤች ግን በብዛት የሚጎዳው ጽንሱ ከገፋ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደጋግሞ ከጨነገፈ ሌላ መፈለግ ይገባል፤ ከእናትም ከአባትም ሊመጣ የሚችል የክሮሞዞም ችግር፣ የማኅፀን አፈጣጠር፣ ደም የሚያረጋው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳር። ግማሽ ያህሉ ላይ ምክንያቱ አይገኝም፤ ቢሆንም ከእነዚህ ብዙዎቹ በኋላ ይወልዳሉ።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከጨነገፈ ባልና ሚስት አብረው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክታቡ ላይ የሚጻፈው የእናት ስም ብቻ ነበር፤ የምርመራው ወረቀት ላይ ግን ሁለት ስም ይጻፍ።