ስሟን ባዕድ ያወጣላት እንሽላሊት

እ.ኤ.አ. በ1854 በካልካታ የቤንጋል እስያዊ ማኅበር ቤተ መዘክር ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ብላይዝ ከፑንጃብ የጨው ተራሮች የተገኘችን አንዲት እንሽላሊት መረመረ፤ በላቲንም ‹‹ማኩላሪየስ››፣ ባለነቁጥ፣ ሲል ሰየማት። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ‹‹ነብር ጌኮ›› እየተባለች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትራባለች። ልጆች ፌንጣ ያጎርሷታል።

ይህ የአርሲ ነገሌን ሰው ምን አገባው? ዘመዶቿ እኛው አገር ስላሉ ነዋ! አንዷን በ1893 ጀርመናዊው ኦስካር ቦትገር ‹‹አፍሪካዊት›› አላት፤ ሌላዋን በ1930 እንግሊዛዊው ፓርከር ቴይለር በተባለ የጦር መኮንን ስም ጠራት። ሁለቱም የአፍሪካ ቀንድ ደረቅ ቆላ ልጆች ናቸው፤ የእኛም ድንበር አላገዳቸውም።

አዳማ ላይ ማታ በመብራት ሥር ትንኝ የምታድነው የግድግዳ ጌኮ ሌላ ናት፤ ዐይኗን መክደን አትችልም፣ አቧራ ሲገባባት በምላሷ ትልሰዋለች። የነብር ጌኮ ወገን ግን የዐይን ቆብ አለው፣ ግድግዳም አይወጣም። ስቡን በጅራቱ ያከማቻል፤ የአርሲን በግ ላት ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ እንቁላሏ ነው። በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከቆየ ሴቶች ይፈለፈላሉ፤ በ32 ገደማ አብዛኞቹ ወንዶች፤ ከ34 ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ሴቶች። ጾታን የሚወስነው ሙቀት ነው። ይህ የታወቀው እንቁላሉን በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው በትዕግሥት በተከታተሉ ሰዎች ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር እንሽላሊት በመጥረጊያ ትባረር ነበር፤ መርዝ አላት ይባላልና። መርዛም እንሽላሊት በአገራችን የለም።

አጥምደን በሣጥን እናስቀምጣት ማለቴ አይደለም፤ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ይህን አይወድም። ነገር ግን ከነገሌ ቁልቁል፣ በአብያታና ሻላ ዙሪያ፣ ግራሩ ለከሰል እየተቆረጠ ነው። ከሥሩ ምን እንደሚኖር ሳንጠይቅ ጥላው እየሄደ ነው። ጉቶውን ገልብጬ አንዲት ባለነቁጥ ጅራት ወደ ስንጥቅ ስትሸሽ ባይ፣ በአማርኛ ‹‹እንሽላሊት›› ከማለት ሌላ የምጠራበት ስም የለኝም።