የደም ካልሲየም ማነስ

የደም ካልሲየም ማነስ (ሃይፖካልሴሚያ) በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከጤናማው ወሰን በታች ሲወርድ የሚከሰት እክል ነው። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች የአዋቂ ሰው ጤናማ መጠን በዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ነው። እክሉ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ችግር ውጤት ስለሆነ ሐኪሙ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ የወረደውን መመለስና ያወረደውን ማግኘት። በወላይታ ዞን ይህን ለመረዳት ማዕዱን፣ እንቅርትንና የሕፃናትን አያያዝ ማየት ይጠቅማል።

የሰውነት ቁጥጥር

ከሰውነት ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። የቀረው ጥቂቱ የነርቭን፣ የጡንቻንና የልብን ሥራ እንዲሁም የደም መርጋትን ያግዛል። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያህሉት አራቱ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች መጠኑን ይጠብቃሉ። ካልሲየም ሲቀንስ የሚያመነጩት ሆርሞን ከአጥንት ያስወጣል፣ በሽንት የሚባክነውን ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው መልኩ እንዲለውጥ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ምግብ ካልሲየም ቢያጥረው መጀመሪያ ዕዳውን የሚከፍለው አጥንት ነው፤ የደሙ ልክ ለረጅም ጊዜ ላይዛነፍ ይችላል።

መንስኤዎች

አንዱ ዋና መንስኤ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወላይታ የሚገኝበት አዮዲን ያነሰው የደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ እንቅርት የሚበዛበት አካባቢ ነው። በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከተጎዱ ወይም የደም ዝውውራቸው ከተቋረጠ ካልሲየም በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ችግሩ በብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ ሲስተካከል በጥቂቶች ላይ ዘላቂ ይሆናል።

ሁለተኛው ዋና መንስኤ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት አገር ሕፃን ምች ወይም ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ሲውል ቆዳው ቫይታሚኑን መሥራት አይችልም፤ ውጤቱም አጥንትን የሚያጎብጠው ሪኬትስ ነው። ሪኬትስ ከሳንባ ምች ጋርም ተያይዞ ታይቷል፤ በአዲስ አበባ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ሩ፣ ካልያዛቸው 500 ደግሞ በ20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ አግኝቷል።

የኩላሊት ድክመት፣ የማግኒዥየም እጥረት፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ብግነትና ብዙ ደም መውሰድም ካልሲየምን ያወርዳሉ። ያለጊዜያቸው የተወለዱና የስኳር ሕመም ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ጨቅላዎችም ተጋላጭ ናቸው።

የወላይታ ማዕድ

እንሰት፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎና በወላይትኛ ቦይና የሚባለው ጎደሬ የአካባቢው ዋና ምግቦች ናቸው። ጥሬ ጎደሬ አፍን የሚያሳክከው መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ነው። ስለዚህ በተክሉ ውስጥ ካልሲየም ቢኖርም በኦክሳሌት የታሰረውን አንጀት እምብዛም አይወስደውም። ኦክሳሌቱ አነስተኛ የሆነው የአበሻ ጎመን፣ ወተትና አይብ የተሻሉ ምንጮች ናቸው።

ምልክቶችና ምርመራ

በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፍ መደንዘዝ ይጀምራል፤ ከዚያም የጡንቻ መኮማተር ይከተላል። የደም ግፊት መለኪያ ክንድ ላይ ከላይኛው ግፊት ከፍ ብሎ ለ3 ደቂቃ ሲነፋ እጅ ጉርሻ ሊያነሳ እንደተዘጋጀ፣ ጣቶች ተሰብስበው አውራ ጣት ወደ መሐል ገብቶ ከታጠፈ ምልክቱ የትሩሶ ይባላል። ሲጠና የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የጉሮሮ መጥበብና የልብ ምት መዛባት ያመጣል።

ከደም ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በዋናነት ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር፣ ምግብ በማጣት አልቡሚኑ የወረደ ታካሚ ውጤቱ በሐሰት ሊያንስ ይችላል። አልቡሚን በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም በታች በወረደበት በእያንዳንዱ 1 ግራም በካልሲየሙ ላይ 0.8 ሚሊ ግራም ይደመራል፤ ካልሲየሙ 7.6፣ አልቡሚኑ 2 ከሆነ የታረመው መጠን 9.2 ማለትም ጤናማ ነው። ስሌቱ ግምት በመሆኑ ሲቻል ያልተጣበቀውን ካልሲየም በቀጥታ መለካት ይመረጣል። የማግኒዥየም፣ የፎስፌት፣ የኩላሊት፣ የቫይታሚን ዲና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራዎች መንስኤውን ይለያሉ።

ሕክምና

አዋቂ ሰው ከባድ ምልክት ሲያሳይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር የሚሆን 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በግሉኮስ ተበርዞ፣ ልብ በኢሲጂ እየታየ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሚወስድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። ከሥሩ ከፈሰሰ ሥጋን ይጎዳል። ሴፍትሪያክሶን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር አይቀላቀልም፤ ለጨቅላ ሕፃን ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት መሰጠታቸው አደገኛ ነው። ማግኒዥየም ካልተስተካከለ ካልሲየም ብቻውን አይበቃም።

ቀለል ያለው በሚዋጥ ካልሲየምና በቫይታሚን ዲ ይታከማል። ፓራታይሮይድ ወይም ኩላሊት ለደከመበት ሰው ግን ሰውነቱ ቫይታሚኑን በሚገባ ስለማይለውጥ የተለወጠው ካልሲትሪዮል ያስፈልጋል። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የታይሮይድ ክኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የ4 ሰዓት ልዩነት ይጠበቃል። ለሪኬትስ ሕፃን ቢያንስ ለ90 ቀን በየቀኑ 2000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ከካልሲየም ጋር ይመከራል።

ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከቦሎሶ ሶሬ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚመጣ ታካሚ መጠኑ የሚወርደው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ካልሲየሙ መለካት ይኖርበታል፤ እሱም አስታማሚውም ከንፈሩ ከደነዘዘ ሳይውል ሳያድር መመለስ እንዳለበት ሊነገራቸው ይገባል።