እንግዳው ልጅ ሽንኩርት ይላጥ

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የ16 ዓመት የውጭ አገር ልጅ ለሁለት ሳምንት ቤታችን ልንቀበል ነው፤ ምን እናዘጋጅ?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ ታሪክ ስላለው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ዶናልድ ዋት የሚባል አሜሪካዊ የአገሩን ወጣቶች ይዞ ስዊዘርላንድ ሄደ። ከአውሮፓ እኩዮቻቸው ጋር ካምፕ ውስጥ ቢከርሙ ይግባባሉ ብሎ ነበር። አልሆነም፤ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ተቧደነ። ስለዚህ ዘዴውን ለወጠና ወጣቶቹን በየቤተሰቡ ማሳደር ጀመረ።

በ1934 በዚሁ ፕሮግራም ጀርመን ሄደው ቤተሰብ ዘንድ ከኖሩት አንዱ ሳርጀንት ሽራይቨር ነው። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አብሮ መብላቱ ጦርነቱን አላስቀረም፤ ይሄ አይካድም። ግን ያ ወጣት በ1961 የፒስ ኮር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። በዓመቱ ወደ 280 የሚጠጉ የፒስ ኮር መምህራን ኢትዮጵያ ገቡ። ከእናትና አባቶቻችሁ ስንቱ እነሱ ዘንድ ተማረ!

ታዲያ ምን እናዘጋጅ? የኛ ሰው እንግዳውን ሳሎን አስቀምጦ «በሞቴ ብላ» ይላል። ደግነት ነው፤ ግን ልጁ ሳሎን ብቻውን ከተቀመጠ ያው ካምፕ ነው። ቡና ሲቆላ አጠገብ ይቀመጥ፣ ሽንኩርት ይላጥ፣ ከልጆቹ ጋር ሱቅ ይላክ። ሥራ የሰጣችሁት ቀን እንግድነቱ ያበቃል።