በዊተንበርግ ስላለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት፥ በምዕራፍ 1 ቍጥር 23፥ ስብከቱ የተሰቀለው ክርስቶስ እንደ ሆነ፥ ይህም ለአይሁድ ዕንቅፋት እንደ ሆነባቸው ይናገራል። ዕንቅፋት ያለው ምንድር ነው ቢሉ፥ መስቀሉ ነው። ይህን ቃል በጀርመን አገር አንዲት ቤተ ክርስቲያን በቀለምም በድንጋይም ተርጕማዋለች፤ ሁለቱ ትርጓሜ ግን አይስማማም።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ማርቲን ሉተር ይሰብክባት የነበረች የዊተንበርግ ከተማ ደብር ናት። ስሟ ከ1187 ዓ.ም. ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። መቅደሷ በ1280 ገደማ ተሠራ፤ ሕዝብ የሚቆምበት ባለ ሦስት ክፍል ቤትና ሁለቱ ግንቦች ከ1412 እስከ 1439 ባለው ጊዜ ተሠሩ። የግንቦቹ ራስ አስቀድሞ ሾጣጣ ድንጋይ ነበረ፤ በ1547 በጦርነት ጊዜ መድፍ ይቆምበት ዘንድ አፈረሱት፤ ዃላም ስምንት ማዕዘን አድርገው ሠሩት። ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ሲነጋገር፥ የቀድሞው ራስ ገና አልፈረሰም ነበር።

በ1522 ሰዎች ተነሥተው በዚህች ቤት የነበሩትን ሥዕሎች ሰባበሩ። ሉተርም ተመልሶ ከመጋቢት 9 ጀምሮ ስምንት ቀን ሰበከ፤ ለሥዕል መስገድ አይገባም፥ ነገር ግን ልብን የሚመልስ ቃሉ ነው እንጂ የክንድ ኀይል አይደለም ብሎ አስተማረ።

ግንቡ በፈረሰበት በ1547 ዓመት ሉቃስ ክራናኽ ከሥራ ቤቱ ጋራ የሣለው የመሠዊያ ሥዕል ቆመ። በላይ ምሥጢረ ጥምቀት፥ ቍርባንና ንስሐ ተሥለዋል። ሕፃኑን የሚያጠምቀው ሜላንክቶን ነው፤ እርሱ ግን መምህር እንጂ ካህን አልነበረም፤ የእኛ ሊቃውንት ቢያዩት ሳይጠይቁ አያልፉም። ከግርጌ ባለው ሰሌዳ ሉተር በስብከት ሰገነት ቆሞ አንድ እጁን በመጽሐፍ ላይ አኑሮ በሁለተኛው ያመለክታል፤ በአንጻሩ ሕዝቡ አለ፤ በመካከል የተሰቀለው ጌታ አለ። የቀረው ግድግዳ ባዶ ነው። ሰባኪው ወደ ራሱ እንዳያመለክት ሠዓሊው ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስረድቷል።

ነገር ግን ከመቅደሱ ውጭ፥ ከፍ ብሎ በቅጥሩ ላይ፥ በ1300 ገደማ የተቀረጸ ድንጋይ አለ፤ አይሁድን ከእሪያ ጋራ አድርጎ ይሰድባል። ይኸው ሉተር በ1543 በጻፈው መጽሐፍ ይህን ቅርጽ አንሥቶ በአይሁድ ላይ ተሣለቀ። ሐዋርያው ዕንቅፋት ያለው መስቀሉን ነው፤ ጠራቢው ግን ከመስቀሉ በፊት ሌላ ዕንቅፋት አኖረ። ይህን የጻፈልን ጳውሎስ ራሱ አይሁዳዊ እንደ ነበረ ማን አስታወሰው?

በ1988 የከተማው ምእመናን ስለ ተገደሉት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መታሰቢያ፥ ከቅርጹ በታች በምድር ላይ ሰሌዳ አኖሩ። አንድ አይሁዳዊ ቅርጹ ይውረድ ብሎ ቢከስስም፥ በ2022 የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መታሰቢያውና ማብራሪያው ከእርሱ ጋራ ስላሉ ባለበት ይቆይ ብሎ ፈረደ።