ፎቶግራፍን ስለ ማረም፤ ከጨለማው ክፍል እስከ ሳምንታዊ ውድድራችን



በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች «መታጠብ» የሚለው ቃል ሁለት ሙያዎችን ያገለግላል። እሸት ቡና ተለቅሞና ተፈልፍሎ ሲታጠብ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ፊልምም ከካሜራ ወጥቶ በጨለማ ክፍል ሲታጠብ ምስሉ ይገለጣል። ቡና አጣቢው የፍሬውን የተፈጥሮ ጣዕም ያጠራዋል እንጂ የአጋሮን ቡና የሌላ አገር ቡና አያደርገውም። ፎቶግራፍ አጣቢውስ? እርሱ ከምስሉ ላይ ምን ያህል ሊቀንስ፣ በምስሉስ ላይ ምን ያህል ሊጨምር ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ ያደገ ጥያቄ ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን በየሳምንቱ በምናደርገው ፎቶግራፍን የማረም ውድድር ዘወትር ስለሚያጋጥመን፣ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ፣ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ሥራው በተገለጠ ጊዜ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ በዚያው በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሐንፍሽቴንግል የሚባል የሙኒክ ሰው የአንድን ሰው መልክ በሁለት ዓይነት አሳየ። አንደኛው እንደ ተነሣ የቀረ፣ ሁለተኛው ኔጋቲቩ በእጅ የታረመ ነበረ። ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ደፈረ ይባላል፤ የፊቱ ጉድለት ሊሸፈንለት እንደሚችል አውቋልና።

እ.ኤ.አ. በ1857 ሬይላንደር የተባለ ሰው ከ30 የሚበልጡ ኔጋቲቮችን አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ። በሚቀጥለውም ዓመት ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ አምስት ኔጋቲቮችን አጋጥሞ፣ ለሞት የተቃረበች ልጃገረድ በቤተ ሰዎችዋ መካከል ተኝታ የምትታይበትን ፎቶግራፍ ሠራ። አንዳንዶች በሥዕሉ አዘኑ፤ አንዳንዶች ደግሞ እውነት መስሎ የቀረበው ነገር የተቀናበረ መሆኑን ሲሰሙ ተቈጡ። እንግዲህ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚደረገው ማገጣጠም ከ160 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሥራ ነው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የአራሚው መሣሪያ ቀላል ነበረ። በሹል እርሳስ የኔጋቲቩን ሥሥ ቦታ ያጠቁራል፤ በስለታም ቢላዋ ጥቁሩን ይፍቃል፤ በቀጭን ብሩሽ ነጥቡን ይሸፍናል። ምስሉን በወረቀት ላይ በሚያትምበት ጊዜም ብርሃኑን በእጁ እየከለለ አንዱን ቦታ ያፈካል፣ ሌላውን ያደምቃል። ዛሬ በስልካችን ላይ ጣታችንን እያንሸራተትን የምናደርገው ማፍካትና ማጥቆር ከዚሁ የእጅ ሥራ የተወረሰ ነው።

ይህን ሙያ የሚወዱት ደግሞ በእርሱ የሚተዳደሩት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝና በአሜሪካ የፖስታ ፎቶግራፍ ማኅበሮች ተቋቁመው ነበር። እያንዳንዱ አባል አንድ ፎቶግራፍ ይጨምራል፤ ጥቅሉ ከአንዱ አባል ወደ ሌላው በፖስታ ይዞራል፤ ሁሉም ያየውን ጉድለትና በጎነት በጽሑፍ ያሰፍራል። ተራራቅን ሳይሉ የሚማማሩ፣ ተፈራረድን ብለው የማይጣሉ ሰዎች ነበሩ። የእኛም ውድድር፣ ፖስታው በስልክ ተተካ እንጂ፣ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች መጥተው ነበር። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1868 የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ጁልያ ማርግሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ምስሉን አነሣችው። ያ ምስል ገና እርሳስ ሳይነካው የታሰበበት ነበረ፤ ልብሱም፣ አቀማመጡም፣ ብርሃኑም በአንሺዋ ፈቃድ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ማረም የሚጀምረው ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል።

ወደ ጅማ ከመጡት ተጓዦች አንዱ ፈረንሳዊው ዡል ቦረሊ ነው። እርሱም ከ1885 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በ1890 የጉዞ መጽሐፉን በፓሪስ አሳተመ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍን በቀጥታ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ማተም አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ቀራጩ ፎቶግራፉን እያየ ምስሉን እንደ ገና በእንጨት ላይ ይቀርጸው ነበር። እንግዲህ በአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አገራችን የምናያቸው ብዙዎቹ ሥዕሎች ጅማን አይቶ በማያውቅ በፓሪስ ቀራጭ እጅ ያለፉ ናቸው። ቅጠሉንና ፀጉሩን፣ ሸማውንና ጦሩን እርሱ እንደ ገባው አድርጎታል።

ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ በጥቁርና ነጭ የተነሡአቸው ፎቶግራፎች ዛሬም በልዩ ልዩ መጻሕፍት ይታያሉ። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ ይገኛል። ብዙ ወጣት እነዚህን ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ቀለም ሊቀባቸው ይወዳል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የጥንቱ የፎቶግራፍ መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ ብርሃን አይነቃም ነበር። ስለዚህ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የበሰለ ቀይ ቡና ደግሞ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይታያል። ለቀለም ሁሉ የሚነቃ መስተዋት በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እንግዲህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የጠቈረ ካባ ስናይ ጥቁር ይሁን ቀይ ከምስሉ ብቻ ልናውቅ አንችልም። ካባውን ራሱን ያየ ወይም የሚያስታውስ ሽማግሌ መጠየቅ ይገባል። ቀለም ቀቢ ሳይጠይቅ ከቀባ የራሱን ግምት በንጉሡ ትከሻ ላይ አለበሰ ማለት ነው።

ፎቶግራፍ መንግሥትን እስከ መንካት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳየን የልጅ ኢያሱ ታሪክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን አገልግለዋል። ስለዚህ በ1909 ዓ.ም. ፎቶግራፍ በመኳንንቱ ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በተሻረ ጊዜ ዋናው ክስ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል ነበር። በጥምጥምና በሙስሊም አለባበስ የሚታይበት ፎቶግራፍም ለክሱ ማስረጃ ሆኖ እንደ ዞረ ተጽፏል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህ ፎቶግራፍ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ልጅ ኢያሱ እንዲህ ለብሶ መታየቱ የታወቀ ነው ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዋናው ኔጋቲቭ ከነታሪኩ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እጅግ ባጠረ ነበር።

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በሶቪየት ኅብረት የፖሊስ ሹም የነበረው ዬዦቭ በቦይ ዳር ከስታሊን ጋር ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶግራፉ ላይ ተፍቆ በስፍራው ውኃ ተሣለበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በሽፋኑ ልክ እንዲገቡለት ብሎ የግብጽን ፒራሚዶች በኮምፒዩተር አቀራርቦ ብዙ ወቀሳ አተረፈ። የመጀመሪያው ሰውን ለማጥፋት፣ ሁለተኛው ገጽን ለማሳመር የተደረገ ነው። በደላቸው እኩል ባይሆንም ሁለቱም ለተመልካች ሳይነገረው ተደረጉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በከተሞቻችን ያሉት ፎቶ ቤቶች በሰላም ሕዝቡን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ቡና ተሽጦ ገንዘብ በእጅ ሲገባ፣ ሠርግ ሲደረግ፣ ልጅ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ሲላክ ቤተ ሰቡ ለብሶ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ከበስተ ኋላው የተሣለ መጋረጃ፣ ከፊቱ የፕላስቲክ አበባ፣ በእጁም ሰዓት ይታያል። አንዳንዱ ፎቶግራፍ ከታጠበ በኋላ ከንፈሩና የቀሚሱ ጥለት በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። ማንም ይህን ማታለል አላለውም፤ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ አይቶና ከፍሎ የወሰደው ነውና። በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ይህን የመሰለ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ እየተሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ወጥቷል። የጅማና የአጋሮ፣ የሊሙ ገነትና የየቡ ሣጥኖች ግን ገና ብዙ ያልታየ ነገር እንደ ያዙ እናምናለን።

ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩት ፎቶሾፕ በ1990 ለሽያጭ ቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጊምፕ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ተከተለ። የጨለማው ክፍል ሥራ ሁሉ በብርሃን ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎም በእጅ ስልክ ላይ ዋለ። የእኛም ውድድር የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ለሁላችን ይታደላል። እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ እያንዳንዱ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተር ያርመዋል። ከሥራው ጋር ምን እንደ ለወጠ በሦስት መስመር ይጽፋል፤ ሳይጽፍ ያመጣ አይወዳደርም። ዋናው ፎቶግራፍ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል። ማንም ለራሱ ድምፅ አይሰጥም። ሽልማት የለም፤ አሸናፊው የሚቀጥለውን ሳምንት ፎቶግራፍ ይመርጣል። ከአንድ ፎቶግራፍ አሥራ አምስት ዓይነት ሥዕል ሲወጣ ማየት እንዴት የሚያስደንቅ ነው! ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት መሆኑን ያን ጊዜ ተረድተናል።

አንድ ሳምንት በአልጋ ላይ የተሰጣ እሸት ቡና ነበረ የተሰጠን። አንዳንዶቹ ፍሬውን ሁሉ እንደ ደም አቀሉት፤ ሌሎች አረንጓዴውንና የጠቈረውን ፍሬ እንደ ነበረ ትተው ብርሃኑን ብቻ አስተካከሉ። ረጅም ክርክር ተነሣ። ወላጆቹ ቡና ነጋዴ የሆኑ አንድ ጓደኛችን፣ «ገዢ በዚህ ፎቶግራፍ ቢዋዋል፣ ጆንያው ሲፈታ የሚያፍረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለግድግዳ የሚሆን ሥዕልና ለምስክር የሚሆን ሥዕል በየራሳቸው ክፍል እንዲወዳደሩ ተስማማን።

ሌላ ጊዜ ከእኛ አንዷ የአያትዋን የጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ወረቀቱ ተቀድዶ፣ ጥጉም በእርጥበት ተበልቶ ነበር። ሁላችንም ጠገንነው። ከዚያም ሥራዎቹ ሁሉ ታትመው ለባለቤታቸው፣ ለሴት አያትዋ ቀረቡ። አንዱ ፊታቸውን አለስልሶታል፤ አንዱ ሱፍ ልብስ አልብሷቸዋል፤ አንዱ ከቅዳዱ በቀር ምንም አልነካም። አሮጊቷ ብዙ ካዩ በኋላ ይህንኑ የመጨረሻውን አነሡና፣ «እኔ የማውቀው ይኸን ነው፤ የግንባሩ ጠባሳ አለ። ቡና ሲሸከም የወደቀበት ነው» አሉ። ያ ጠባሳ በሌሎቹ ላይ እንደ ወረቀቱ ጉዳት ተቈጥሮ ጠፍቶ ነበር። ለአሮጊቷ ግን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው።

ስለ መልክም የተማርነው አለ። የቀለም ፊልም ለብዙ ዓመታት የሚለካው በነጭ ሴቶች ፎቶግራፍ ስለ ነበረ ጥቁር ፊት በላዩ ላይ ደብዝዞ ይወጣ ነበር። ዛሬም ብዙ የስልክ ፕሮግራም «ማሳመር» ሲባል ፊትን ያነጣል። ስለዚህ በውድድራችን ጥላውን ገልጦ ጥቁሩን መልክ በጥቁርነቱ ያሳየ ሥራ ብዙ ጊዜ ድምፅ ያገኛል። ብርሃን መስጠት ሌላ፣ መልክ መለወጥ ሌላ ነው።

የሙያው ታላላቆችም በዚህ ጉዳይ ይጨነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ሥራዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ከመጠን በላይ ታርመዋል ተብለው ተሰርዘዋል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልነበረውን ሰው እንደ ነበረ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። የአያቶቻችንን ፎቶግራፍ ለዚህ መሣሪያ ብንሰጠው የጠፋውን ዓይን ይሞላልናል፤ የሚሞላው ግን የአያታችንን ዓይን ሳይሆን የማንንም ዓይን ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው አሮጌ ፎቶግራፎችን ሳትጥሉ፣ በጀርባቸው የሰውየውን ስም፣ ስፍራውንና ዘመኑን በእርሳስ እንድትጽፉልን ነው። ታናናሾቻችንን የምንመክረውም አርሙ፣ አስውቡ፣ ተወዳደሩ፤ ዋናውን ግን ጠብቁ፣ የለወጣችሁትንም ሳትደብቁ ተናገሩ ብለን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚጠራው ግን የሚጠብቀው ሰው ሲገኝ ነው።