የእበት ጥንዚዛዎች ምግባቸውን በጠረን የሚያገኙበት መንገድ

ከብት በግጦሽ መስክ ላይ እበት ጥሎ ሲያልፍ ብዙ ሳይቆይ ጥንዚዛዎች ከየአቅጣጫው እየበረሩ ይደርሳሉ። በዋናነት የሚመራቸው ዓይናቸው ሳይሆን ነፋስ የተሸከመው ጠረን ነው።

ትኩስ እበት ወደ አየር የሚተኑ በርካታ ኬሚካሎችን ይለቅቃል። ስካቶል፣ ኢንዶል፣ ፊኖል፣ ፓራ ክሬሶል እና ቡቲሪክ አሲድ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ በእንስሳው ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖውን ሲያብላሉ የሚፈጠሩ ናቸው። ጥንዚዛዋ ጠረኑን የምትቀበለው በራሷ ላይ ባሉት ሁለት አንቴናዎች ነው። የአንቴናዎቹ ጫፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡና የሚታጠፉ ስስ ክፍሎች አሉት፤ በእነርሱም ላይ ጠረን የሚለዩ ጥቃቅን የስሜት አካላት ተደርድረዋል። ጠረኑ ሲደርሳት ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ትበራለች። እበቱ እየደረቀ ሲሄድ የሚተኑት ኬሚካሎች ስለሚቀንሱ የመሳብ ኃይሉም ይዳከማል።

ይህን ባሕርይ ለራሱ ጥቅም ያዋለ ተክል በደቡብ አፍሪካ ይገኛል። ሴራቶካርየም አርጀንቲየም የተባለው ተክል ፍሬዎች በቅርጽም በጠረንም የድኩላ ወገን የሆኑ የዱር እንስሳትን በጠጥ ይመስላሉ። ጥንዚዛዎቹ ተታልለው ፍሬውን አንከባልለው ይቀብሩታል፤ ተክሉ ዘሩን ያስተክላል፣ እነርሱ ግን የሚያገኙት ምግብ የለም።

ጥንዚዛዎች እበትን ወደ መሬት ሲቀብሩ አፈሩ ይለማል፣ ውኃ በቀላሉ ይሰርጋል፣ የዝንብ መራቢያም ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ነባር ጥንዚዛዎች የካንጋሮን ደረቅ ፋንድያ እንጂ የከብት እበትን የለመዱ ስላልነበሩ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1965 በጀመረችውና እስከ 1985 በዘለቀው መርሐ ግብር ከአፍሪካና ከአውሮፓ የእበት ጥንዚዛዎችን አስገብታለች።

ይህ አገልግሎት ግን አደጋ ያንዣብብበታል። ለጥገኛ ተሕዋስያን መከላከያ ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ቅሪት ከእበት ጋር ይወጣል። ቅሪቱ እጮችን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ አነስተኛ መጠኑ እንኳ የጥንዚዛዎችን ጠረን የመለየትና የመንቀሳቀስ አቅም እንደሚያዳክም አሳይቷል። ጠረን መለየት ያቃታት ጥንዚዛ እበቱ አጠገቧ ቢሆንም አታገኘውም።

ስለሆነም አርቢዎች መድኃኒቱን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር፣ ለሚያስፈልጋቸው ከብቶች ብቻ ቢሰጡ ከብቱንም መሬቱንም ይጠብቃሉ።