የካምቢዮ ያልተለመደ ድምፅ፡ መንስኤውና መለያ ዘዴው

ካምቢዮ ከሞተር የሚመነጨውን ኃይል ከመንገዱ ሁኔታና ከጭነቱ ክብደት ጋር እያመጣጠነ ወደ ጎማዎች የሚያስተላልፍ የተሽከርካሪ ክፍል ነው። ለመስክ ሥራ በሚሰማሩ እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 እና ሃይሉክስ ባሉ ተሽከርካሪዎች ላይ በብዛት የሚገኘው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያለው ካምቢዮ ነው።

ይህ ካምቢዮ ጉዳት ሲደርስበት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በድምፅ ያስታውቃል። ይሁንና የድምፁ ምንጭ ሳይለይ "ካምቢዮው ይጮኻል" በሚል ብቻ የሚቀርብ የጥገና ጥያቄ በሁለት በኩል ጉዳት ያስከትላል። በአንድ በኩል ጤናማ ካምቢዮ ያለአግባብ እንዲፈታና የመሥሪያ ቤቱ በጀት እንዲባክን ያደርጋል። በሌላ በኩል እውነተኛው ብልሽት ተሽከርካሪው መንገድ ላይ እስኪቆም ድረስ ተሸፍኖ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል።

የካምቢዮው አሠራር

ሞተራቸው ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማቸውን በሚያሽከረክሩ ተሽከርካሪዎች ካምቢዮ ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ዘንጎች ይገኛሉ። እነዚህም ከፍሪሲዮን ኃይል የሚቀበለው የግቤት ዘንግ፣ ከሥሩ ሆኖ ከእርሱ ጋር ዘወትር የሚሽከረከረው መካከለኛ ዘንግ እና ኃይሉን ወደ ኋላ የሚልከው የውጤት ዘንግ ናቸው። ሦስቱም በኩሽኔታዎች ተደግፈው ይሽከረከራሉ።

የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ የግቤት ዘንጉ ከሞተሩ ይለያል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ግን ማርሹ ዜሮ ላይ ቢሆንም እንኳ የግቤት ዘንጉና መካከለኛው ዘንግ ይሽከረከራሉ። የትኛው ክፍል በየትኛው ጊዜ እንደሚሽከረከርና ጭነት እንደሚሸከም ከታወቀ፣ ካምቢዮው ሳይፈታ የድምፁን ምንጭ ወደ ጥቂት ዕቃዎች ማጥበብ ይቻላል።

ተሽከርካሪው ቆሞ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው የሚጀመረው ተሽከርካሪው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖና ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት እየሠራ ነው።

ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሰማው የማጉረምረም ድምፅ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሚጠረጠሩት የግቤት ዘንጉ ወይም የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ናቸው። ሆኖም በናፍጣ ሞተር ላይ የሚሰማ ቀለል ያለ የመንቀጫቀጭ ድምፅ፣ ሞተሩ ጥቂት ከፍ ሲል የሚጠፋ ከሆነ፣ ከሞተሩ ምት የሚመጣ እንጂ የግድ የብልሽት ምልክት አይደለም።

በተቃራኒው ፔዳሉ ሳይረገጥ ጸጥ ያለው ተሽከርካሪ ሲረገጥ የሚጮኽ ከሆነ፣ ችግሩ ከካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን ከፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ ኩሽኔታ ቶሎ ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ አሽከርካሪው እየነዳ ሳለ እግሩን ፔዳሉ ላይ የማሳረፍ ልማድ ነው። ኩሽኔታውን ለመቀየር ካምቢዮው ከሞተሩ ተነጥሎ መውረድ ስላለበት፣ በዚያው አጋጣሚ የፍሪሲዮኑን ዲስክና ተጫኝ ሳህን መመርመር ተጨማሪ የጉልበት ወጪን ያስቀራል።

በጉዞ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ይህ ምርመራ መከናወን ያለበት በሜዳማና ተሽከርካሪ በማይበዛበት መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ድምፁ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የዚያው ማርሽ ጥርስ ወይም መሽከርከሪያው መጎዳቱን ያመለክታል። በብዙ ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮዎች አራተኛው ማርሽ የግቤትና የውጤት ዘንጎቹን በቀጥታ ስለሚያገናኝ መካከለኛው ዘንግ በዚያን ጊዜ ጭነት አይሸከምም። ስለዚህ በሌሎቹ ማርሾች ላይ የሚሰማው ድምፅ በአራተኛው የሚቀንስ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው በመካከለኛው ዘንግና በኩሽኔታዎቹ ላይ ያርፋል።

ተሽከርካሪው እየተጓዘ ማርሹ ለአጭር ጊዜ ወደ ዜሮ ሲመለስ ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለና ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ፣ መንስኤው የጎማ ኩሽኔታ፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማው ጥርስ ያለእኩል መበላት ወይም በካምቢዮው መጨረሻ ላይ ያለው የውጤት ዘንግ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪው ሲነሳና ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሰማ "ቋ" የሚል ነጠላ ምት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የክሮቼራ መላላትን ያሳያል። እነዚህ ሁሉ ከካምቢዮ ጥገና በፊት መጣራት የሚገባቸው ናቸው።

ማርሽ ሲቀየር የሚሰማ የመፋጨት ድምፅ

ዘንጎቹ ማርሽ ከመያዙ በፊት ፍጥነታቸውን እንዲያስተካክሉ የሚያደርገው ሲንክሮናይዘር የተባለው ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ በመኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካው ካዲላክ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አሽከርካሪዎች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ በመርገጥ ፍጥነቱን በራሳቸው ያስተካክሉ ነበር።

የመፋጨት ድምፅ ሲሰማ ጥፋቱ የሲንክሮናይዘሩ ነው ወይስ የፍሪሲዮኑ የሚለውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ተሽከርካሪው ቆሞ ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ይረገጥና ጥቂት ሴኮንዶች ተጠብቆ የኋላ ማርሽ ይገባል። ከጥበቃው በኋላም የሚፋጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለያይም ማለት ነው፤ በመጀመሪያ መታየት ያለበትም የፍሪሲዮኑ ዘይት መጠንና በመስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። በአንጻሩ የኋላ ማርሹ ያለችግር ገብቶ፣ በጉዞ ላይ ለምሳሌ ሁለተኛ ማርሽ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር አልቋል።

የዘይት ምርመራ

ማንኛውም የካምቢዮ ድምፅ ሲሰማ ከመፍታት በፊት ዘይቱ መታየት አለበት። ተሽከርካሪው ደልዳላ ቦታ ቆሞ የመሙያው ብሎን ሲከፈት ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ መድረስ ይኖርበታል። የመሙያው ብሎን ዘይቱ ከመፍሰሱ በፊት መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ ብሎኑ እምቢ ቢል ካምቢዮው ባዶውን ይቀራል።

በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የሚታይ ደቃቅ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። የብረት ስብርባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ጉዳትን፣ በዘይቱ ውስጥ የሚታይ ቢጫ ብናኝ የሲንክሮናይዘር ማለቅን፣ ወተት የመሰለ ዘይት ደግሞ የውኃ መግባትን ያመለክታል። በክረምት ወንዝ የተሻገረ የመስክ ተሽከርካሪ በተለይ መፈተሽ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

የዘይቱም ዓይነት በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት። ለዲፈረንሻል የሚያገለግለው ጂ.ኤል. 5 ደረጃ ያለው ዘይት ጂ.ኤል. 4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ሲጨመር አንዳንድ ቅመሞቹ የናሱን ሲንክሮናይዘር ሊጎዱ ይችላሉ።

ጉዞ መቋረጥ ያለበት መቼ ነው?

ድምፅ ሁሉ እኩል አደጋ የለውም። የመልቀቂያ ኩሽኔታ ጩኸት በጥንቃቄ ወደ ጋራዥ ለመድረስ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ከማርሽ በራሱ የሚወጣ፣ ከባድ የመንኳኳት ድምፅ ያለው ወይም ዘይት የሚያፈስ ካምቢዮ ግን ለጉዞ መሰማራት የለበትም። ለምሳሌ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ማርሹ ቢወጣ ሞተሩ ተሽከርካሪውን መያዙን ስለሚያቆም ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ ሲታወስ፣ በእጅ ያሉ ተሽከርካሪዎችን በአግባቡ ጠብቆ የማቆየቱ አስፈላጊነት ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ላይ ድምፁ በየትኛው ማርሽ፣ በምን ፍጥነት፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ወይስ ሲለቀቅ፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰማ እንዲሁም ዘይቱ መጨረሻ የተቀየረበት ኪሎ ሜትር መስፈሩ፣ መካኒኩ በትክክለኛው ቦታ እንዲጀምርና የስምሪት ኃላፊውም የቀረበለትን የዋጋ ማቅረቢያ ከብልሽቱ ጋር እንዲያመዛዝን ያስችላል።